ከመጋዘን የወጣ ጠመንጃ፦ ሰብሳቢ ምን አይቶ ይግዛ?

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ንግድ ከገባ በኋላ፣ በ1887 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ ሸዋ ደረሰ። ጠመንጃዎቹ የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች አዲስ ሲታጠቁ የጣሏቸው አሮጌዎች ነበሩ። ራምቦ ከፍ ያለ ትርፍ አስልቶ ነበር። ምኒልክ ግን ዕቃውን አገላብጠው አይተው ዋጋውን ቆረጡበት፤ ሥራውን ጥሎበት የሞተውን ሸሪኩን ዕዳ ከላዩ ላይ አነሡበት፤ የተረፈውን ገንዘብ ሐረር ወርዶ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ጽፈው አሰናበቱት።

ከአገልግሎት የወጣ የጦር ጠመንጃ ግብይት ዛሬም ይኸው ነው። ሻጭ አንድ ነገር ይላል፣ ዕቃው ሌላ ይላል፣ ገዢ በሁለቱ መካከል ይቆማል። የተለወጠው አቅጣጫው ነው። ያን ጊዜ ከአውሮፓ ወደ ሸዋ ይጎርፍ የነበረው ብረት፣ ከ2010ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥቶ በአስመጪዎች እጅ አሜሪካ ገብቷል። ፍሎሪዳ ላይ ሳጥኑ ሲከፈት ከውጅግራ እስከ ካርቢን ያልተገኘ የለም። እዚያ የሚኖር ሐበሻ የአያቱን ጠመንጃ ዓይነት በመቶ ዶላሮች ሊገዛ ይችላል። ግን ምኑን ነው የሚገዛው? ዋጋ የሚያወጣው ምንድን ነው? ገዢን የሚያሞኘውስ?

መጀመሪያ ስለ ገበያው። የጦር ጠመንጃ ርካሽ የሚሆነው ባለቤቱ መንግሥት የተሻለ ሲያገኝ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበንን ስትታጠቅ፣ ከ1874 ጀምሮ ያመረተችው አንድ ጎራሹ ግራ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ የገባው ውጅግራ ይኸው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የዓለም መጋዘን በሙሉ ሥራ ፈታ። ይህን ቀድሞ ያየው ሳሙኤል ከሚንግስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1953 ኢንተርአርምስን አቋቁሞ የመንግሥታትን አሮጌ መሣሪያ በጅምላ እየገዛ አሜሪካ ያራግፍ ጀመር። መጋዘኖቹ ዛሬ ሐበሻ በሞላባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ነበሩ።

የዚያን ዘመን ርካሽነት የሚያሳይ አንድ ጠመንጃ ዓለም ሁሉ ያውቃል። በ1940 ጣሊያን ውስጥ ተርኒ ላይ የተሠራ ካርካኖ፣ ቁጥሩ ሲ2766፣ ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም በፖስታ ተሸጠ፤ በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በእርሱ ነው። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ በፖስታ መሸጥን ከለከለ፤ የጦር ትርፍራፊ ማስገባትንም ዘጋ። በሩ ለሰብሳቢዎች ገርበብ ያለው በ1984 ነው። ዛሬ በፌዴራል ሕግ 50 ዓመት የሞላው፣ እንደተሠራ ያለ ጠመንጃ የሰብሳቢ ዕቃ ይባላል፤ 30 ዶላር ከፍሎ የሦስት ዓመት የሰብሳቢ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከሌላ ክፍለ ግዛት በቀጥታ ቤቱ ድረስ ማስመጣት ይችላል። እስከ 1898 የተሠራው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ዓይን ጥንታዊ ዕቃ ስለሆነ ያም አያስፈልገውም። የክፍለ ግዛቶቹ ሕግ ግን ሌላ ነው፤ ካሊፎርኒያ ያለ ሰውና ቴክሳስ ያለ ሰው አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም።

ከኢትዮጵያ የወጣውን ክምችት ልዩ የሚያደርገው እንደ ገደል አፈር ንብርብር ያለው መሆኑ ነው። ከታች ያለው የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ነው፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ከግብፆች የተማረከው ረሚንግተን፣ ሰናድሩ፣ ውጅግራው፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ። ከዚያ በላይ ተፈሪ መኰንን ከዘውዱ በፊትም በኋላም ያስገቧቸው ማውዘሮች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቤልጅግ የምንለው፣ ሊዬዥ አጠገብ በኸርስታል ፋብሪካ በ1924 ንድፍ የተሠራው፣ አካሉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተመታበት ይገኝበታል። የቤልጅግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ያሠለጥኑ የነበረበት ጊዜ ነው። ሂትለር ሳይቀር ሙሶሊኒ አፍሪካ ላይ ተጠምዶ ቢቆይለት ስለሚሻለው በ1935 በስውር ማውዘር ልኳል። ቀጥሎ ከ1935 እስከ 1941 ጣሊያን ይዞት መጥቶ ጥሎት የሄደው ካርካኖ አለ፤ ብዛቱን መገመት ነው። በላዩ ላይ የእንግሊዙ ኤንፊልድ፣ ከዚያም ከ1953ቱ የመከላከያ ስምምነት በኋላ በእርዳታ የመጡት የአሜሪካ ጋራንድና ካርቢን። በ1977 ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያዞር፣ ክላሹ ሁሉን ተክቶ ያ ሁሉ ንብርብር መጋዘን ገባ። በመቶ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያን ካስታጠቋትና ከወረሯት መንግሥታት አብዛኞቹ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተገናኝተዋል።

ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ ከብረቱ ይልቅ ታሪኩን ይሸጣሉ። «ከኢትዮጵያ የመጣ ቬተርሊ» የሚለው ቃል ብቻ የገዢን ልብ ወደ አድዋ ይወስዳል፤ ሐበሻ ገዢ ከሆነማ አትጠይቁኝ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጠመንጃው ራሱ ስለሚናገር።

ጣሊያን አድዋ ላይ ብዙውን ወታደር ያስታጠቀችው በቬተርሊ ቪታሊ ነበር። ሠራዊቷ አዲሱን ካርካኖ ይዞ ሳለ፣ የተከማቸው አሮጌ ጥይት ይለቅ ተብሎ ነው ይባላል። ያ ቬተርሊ 10.4 ሚሊ ሜትር የሚተኩስ፣ በ1870 ወጥቶ በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና የተጨመረለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ጣሊያን ጠመንጃ አጠራትና አሮጌዎቹን ቬተርሊዎች ሰብስባ፣ በቱቦዎቻቸው ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብታ፣ የካርካኖን 6.5 ጥይት እንዲተኩሱ አደረገቻቸው። ካዝናቸውም የካርካኖን ስድስት ጥይት የሚይዝ ሆነ። ከኢትዮጵያ ከወጡት ቬተርሊዎች ብዙዎቹ ይህን ለውጥ ያለፉ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፦ በ1915 እና ከዚያ በኋላ ጣሊያን ውስጥ የተቀየረ ጠመንጃ፣ በ1896 አድዋ ላይ ተማርኮ ምኒልክ ግምጃ ቤት ገብቶ ሊቀር አይችልም። የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ምናልባትም በሁለተኛው ወረራ ነው። አፈሙዙን አይቶ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ያገኘ ሰው ሻጩ ስለ አድዋ የሚያወራውን ማዳመጥ ማቆም ይችላል። በ10.4 እንዳለ የቀረው እንኳ ለአድዋ ዕድል አለው ማለት እንጂ ማስረጃ አለው ማለት አይደለም፤ የኤርትራ ቅኝ ሠራዊት ያን ዓይነት ከዚያም በኋላ ይዞ ቆይቷልና።

ስለዚሁ ቬተርሊ ከታሪክ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። አካሉ ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠራ ነው፤ 6.5ቱ ጥይት ደግሞ በጭስ አልባ ባሩድ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይገፋል። ጦርነት ላይ ያለች አገር ለኋላ ደጀንና ለጥበቃ ብላ ያደረገችውን ሰብሳቢ ቅዳሜ ከሰዓት ተኩስ ሜዳ ላይ መድገም የለበትም። ግድግዳ ላይ ይስቀለው።

ሌሎቹንም ቢሆን የሚያውቅ ጠመንጃ ሠሪ ሳያያቸው መተኮስ ሞኝነት ነው። መቀርቀሪያው ተዘግቶ ሳለ በእርሱና በጥይቱ ቂጥ መካከል የሚቀረው ክፍተት በሁለት የብረት መለኪያ ይፈተሻል፤ አንዱ ላይ መዝጋት አለበት፣ ሌላው ላይ መዝጋት የለበትም። ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ተቀዶ ጋሱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። መጋዘን ውስጥ መቀርቀሪያ ከመቀርቀሪያ ጋር ተደባልቆ የኖረ ጠመንጃ ላይ ይህ ፍተሻ የወግ ጉዳይ አይደለም።

ቱቦው ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ብርሃን አስገብቶ ሲያይ ጥቁር ሆኖ ካገኘው ተስፋ ይቆርጣል፤ ነገር ግን የድሮ ጥይት መለኮሻ ጨው ያለበት ስለነበረ፣ ተተኩሶ በውኃ ሳይታጠብ ያደረ ቱቦ ሁሉ ትንሽም ቢሆን ጠቁሯል። ቦዮቹ ጠርዛቸው ስለት ካለው ጥቁረቱ ብዙ አይጎዳም። የከፋው አፈሙዝ ላይ ያለው መበላት ነው፤ ለአርባ ዓመት በዘንግ ከፊት ሲወለወል የኖረ ጠመንጃ አፉ ይሰፋል። ባሩድ የሌለበት ጥይት አፍንጫውን ወደ አፈሙዙ ሲያስገቡት እስከ ቀለሁ ጫፍ ከሰመጠ ዋጋው መውረድ አለበት። ካርካኖ ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። የረጅሙ 1891 ካርካኖ ቦይ ወደ አፈሙዝ በቀረበ ቁጥር ጥምዝምዙ እየጠበቀ ይሄዳል። ከእነዚህ ረጃጅሞች አንዳንዶቹ በኋላ ተቆርጠው አጭር ሲደረጉ የተጣለው ያው ጠባቡ፣ ጥይቱን በደንብ የሚያሽከረክረው ጫፍ ነው። አጭሩ በእጅ ሲይዙት ያምራል፤ ኢላማ ላይ ግን ወንድሙን አያክልም።

ስለ ቁጥር መግጠም እንነጋገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ጀርመን ሠራሽ ማውዘር ላይ ቁጥሩ ከቱቦው እስከ ትንንሹ ብሎን ድረስ ይደጋገማል፤ ሁሉም አንድ ከሆነ ዋጋው ይዘላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሶቪየቶች ማርከው ያደሷቸው ማውዘሮች ደግሞ ክፍሎቻቸው ተደባልቀው፣ የቱቦውን ቁጥር በኤሌክትሪክ ብዕር መቀርቀሪያው ላይ ጽፈውበታል፤ ይህን «ገጠመ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ቃሉን አጥብቦ እየሸጠ ነው። የካርካኖ መቀርቀሪያ ግን ሲወለድም ቁጥር የለውም። ቁጥሩ ያለው ቱቦውና ሰደፉ ላይ ነው። እንግዲህ «የዚህ ካርካኖ ሁሉም ክፍል ገጥሟል» የሚል ማስታወቂያ ሻጩ ዕቃውን እንደማያውቀው ይነግራል፤ ወይም ገዢው እንደማያውቀው ተስፋ እንዳደረገ። ካርቢን ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከስድስት ሚሊዮን በላይ የተሠራው ካርቢን ከጽሕፈት መኪና አምራቹ አንደርውድ እስከ ሙዚቃ ማጫወቻ ሣጥን አምራቹ ሮክ ኦላ ድረስ በተለያየ ፋብሪካ የተመረተ ስለሆነ፣ ሰብሳቢው የሚፈልገው በየክፍሉ ላይ ያለውን የአምራች ምልክት እንጂ ቁጥር አይደለም። በዚያ ላይ ሠራዊቱ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ አፍርሶ ደባልቆ ሠርቶታል።

ምልክት ደግሞ ሰው ይመታዋል። የይሁዳ አንበሳ ያለበት ማውዘር ከሌለበት በጣም ስለሚወደድ፣ ሐሰተኛ አንበሳ የሚመታ እጅ አይጠፋም ብሎ ማሰብ ብልህነት ነው። አጉሊ መነጽር ይዞ ማየት ይጠቅማል። እውነተኛው ማኅተም ብረቱ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የተመታ ስለሆነ ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ይገኛል፤ አካሉ ሲፈገፈግ የማኅተሙ ከፍታም አብሮ ተፈግፍጓል። አዲስ የተመታ ምልክት ግን ዳር ዳሩ ብረት ገፍቶ ያስነሣል፤ በጣት ሲዳሰስ ይቆረቁራል፤ ወይም ዙሪያው ሁሉ የነጣ ሆኖ እርሱ ብቻ ይጠቁራል። ከዚህ ጋር የአስመጪው ምልክት አለ፤ አሜሪካ የገባ ጠመንጃ ላይ የአስመጪው ስም፣ ከተማው፣ የተሠራበት አገር እንዲጻፍ ሕግ ያዛል። ብዙ ሰብሳቢ ይህን ይጠላል፣ ጠመንጃውን አበላሸ ይላል። ለኢትዮጵያው ጠመንጃ ግን እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው፤ የአስመጪው ምልክት የመጣበትን መንገድ የሚመሰክር ብቸኛው ሰነድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንጨቱ ላይ ከብዙ ፈረንጅ ሰብሳቢ ጋር አልስማማም። የአሜሪካ የደረጃ አሰጣጥ ከማይተኮሰው እስከ እንከን አልባው የሚሄድ መሰላል ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣው አብዛኛው በዚያ መሰላል ታች ላይ ነው። ሰደፉ ተሰንጥቋል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ አንዳንዱ ማነጣጠሪያ የለውም። ተበሳጭቶ የሚመልስ ገዢ አለ፤ አልፈርድበትም፣ ማስታወቂያው ላይ ያየው ፎቶ የተመረጠ ነበር። ነገር ግን ስንጥቁን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዱ አንገቱ ላይ በርጥብ ጠፍር ተጠምጥሞ ቆዳው ሲደርቅ ብረት መስሎ አጥብቆ ይዞታል። ሌላው በሽቦ ተቋጥሯል፤ ሌላው የቆርቆሮ ልጣጭ ተደርቦ በጥቃቅን ምስማር ተመትቷል። የሠራው ወታደር ይሁን አርበኛ ወይም የመንደር አንጥረኛ፣ የታደሰው መለዋወጫ በሌለበት አገር ለመሥራት ነው። ይህ የፋብሪካ ሰነድ የማይሰጠው ማስረጃ ነው። ገዢው ግን ቤቱ ወስዶ ጠፍሩን ቆርጦ ጥሎ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ያብለጨልጨዋል። ከዚያ በኋላ ጠመንጃው በየትኛውም አገር ሊገኝ የሚችል አሮጌ ካርካኖ ነው። ዝገቱን በዘይትና በመዳብ ፍቆ ማቆም ይበቃል፤ እንጨቱ ላይ የተልባ ዘይት እንኳ ስስ ይሁን።

የአሜሪካ ሥራ የሆኑት ጋራንድና ካርቢን ላይ ከሁኔታቸው በፊት ወረቀታቸው ይታይ። በእርዳታ የተሰጠ የአሜሪካ መሣሪያ ያለ አሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ለሌላ ሊተላለፍ አይችልም፤ ደቡብ ኮሪያ ብዙ ሺህ ጋራንድና ካርቢን ልትሸጥ ስትል ጉዳዩ ለዓመታት የተንጓተተው በዚህ ነው፤ በ2013 የኦባማ አስተዳደር ለግለሰብ ድርጅቶች እንዲህ ዓይነት መሣሪያ እንዳይመለስ ከልክሏል። ከፊሊፒንስና ከቱርክ የተመለሱት ጋራንዶች ለገዢ የሚደርሱት ኮንግረስ ባቋቋመው የሲቪል ተኳሾች ፕሮግራም በኩል ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጣ ካርቢን የሚገዛ ሰው የአስመጪው ምልክት በግልጽ የሚነበብ መሆኑን አይቶ፣ ደረሰኙንም ይያዝ።

ለሐበሻ ገዢ ደግሞ ፈረንጁ የማያነሣው ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በቋሚ ነዋሪነት ያለ ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ሁኔታዎች ካልኖሩ በስተቀር ጠመንጃ መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ተማሪ ልጅ የአጎቱን ስጦታ ተቀብሎ ጉድ እንዳይሆን። ወደ አገር ቤት መላክ ደግሞ አይታሰብም። ከአሜሪካ መውጣቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) ደግሞ ግለሰብ ያለ ፈቃድ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። አውሮፓ ያለው ወገን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ቱቦው ተደፍኖ፣ መቀርቀሪያው ተበይዶ እንዳይተኩስ የተደረገውን ነው፤ እንደ ሰብሳቢ ዕቃ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ምልክቶቹን ለማንበብ ግን ይበቃል።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ አለኝ፤ አንበሳ ያለበትን አንድ ንጹሕ ማውዘር ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ያልተነካኩ፣ በጠፍር የታሰሩ ካርካኖዎችን ደራርቦ ይገዛል። ገበያው አንበሳውን ያስወድዳል፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የትኛውም ቢመረጥ ሳጥኑ እንደተከፈተ፣ ዘይት ሳይነካው፣ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ በሁለት ጎኑ ፎቶ ይነሣ። ቁጥሩ፣ የአምራቹ ምልክት፣ ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ ፊደል ወይም መስቀል ካለ እርሱም ይጻፍ፤ ደረሰኙና የአስመጪው ስም አብሮ ይቀመጥ። የሰብሳቢ ፈቃድ ያለው ሰው የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብበት መዝገብ እንዲይዝ ሕጉ ስለሚያስገድደው ደብተሩ አስቀድሞ እጁ ላይ አለ፤ ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት መስመር መጨመር ነው።